«የዓለም ዜጋ ነኝ» ብዬ አባቴን አስከፋሁት

ጥያቄ

እትዬ፣ እንደምን ከርመዋል? ዓምድዎን በቤታችን የምታነበው እናቴ ናት። እኔ ስጽፍልዎ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ለእሷም አልነገርኳትም።

የ27 ዓመት ሴት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው። አሁንም ወላጆቼ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ይዤ ለብቻዬ እኖራለሁ። ሥራዬ በኢንተርኔት ነው፤ ውጭ አገር ላለ የሶፍትዌር ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት እሠራለሁ። የሥራ ጓደኞቼ ማኒላ፣ ናይሮቢና ሊዝበን ነው ያሉት። የማኒላዋ ስትታመም ተራዋን እንሸፍንላታለን። አንዷ ስትወልድ ሁላችንም ስክሪን ላይ ተሰብስበን ደስታዋን ተካፍለናል፤ እልልታ ያስተማርኳቸውም እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ አንዳቸውም «ዘርሽ ምንድን ነው?» ብለውኝ አያውቁም።

ይህን ጥያቄ ለምን እንደምጠላው ልንገርዎ። የአባቴ አባት የባቲ ኦሮሞ ናቸው፤ የአባቴ እናት የሾንኬ አርጎባ። እናቴ የወረኢሉ አማራ ናት። አባቴ ሙስሊም ነው፣ እናቴ ክርስቲያን፤ ቤታችን ዒድም ፋሲካም ይደገሳል። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ሲደርስብን ከደሴ ወጣን። ሸዋ ሮቢት ላይ የማናውቃቸው ሰዎች አሳደሩን፣ አበሉን። አዲስ አበባ ገብተን የሚከራይ ቤት ስንፈልግ ግን ደላላው የቀበሌ መታወቂያዬን አገላብጦ አየና «እሺ ከወሎ ነሽ፤ ግን ምንሽ ነሽ?» አለኝ። አንዱን ብጠራ ሌሎቹን የምክድ መሰለኝ። ዝም አልኩ። ቤቱንም አላገኘንም። ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ «የዓለም ዜጋ ነኝ» እላለሁ። ስለው ደረቴ ቀለል ይለዋል።

አባቴ የሰፈራችን የቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው ማኅበር፣ ዳኛ ነው። እሱ ስለወተወተኝ በራሴ ስም ቅሬ ገባሁ፤ ገና ዓመት አልሞላኝም። ሁለት ወር ቢሆን ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ እማማ የሚላቸው ጎረቤታችን ዐረፉ። እናቴ ገበያ ስትውል እኔን ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ያን ቀን ከቡድኔ ጋር ስብሰባ ላይ ነበርኩ። የቅሬው ጥሩምባ ሲነፋ ድምፁ ስብሰባው ውስጥ እንዳይገባ ተነሥቼ መስኮቱን ዘጋሁት። የማን ሞት እንደሆነ አላወቅሁም ነበር። ትንሽ ቆይቶ የእናቴ መልእክት ደረሰኝ፤ ተራዬ ደርሶ እየተናገርኩ ስለነበር እስኪያልቅ ቆየሁ። ስወጣ ጀናዛው ሄዷል። በማግስቱ የቀሪ ቅጣቴን በቴሌብር ለአባቴ ላክሁለት። አንድ ቃል ሳይናገር ብሩን መልሶ ላከልኝ።

ከዚያ እንግዶች በተሰበሰቡበት አንድ ዘመዳችን ከቀብር መቅረቴን አነሣብኝ። ተናድጄ «እኔ የዓለም ዜጋ ነኝ፤ በጥሩምባ የምጠራ ሰው አይደለሁም» አልኩ። አባቴ ስኒውን አስቀመጠና «የዓለም ዜጋ ሲሞት ማን ይቀብረዋል?» ብሎኝ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አንነጋገርም። አባቴ በ77ቱ ድርቅ ልጅ ሆኖ ከእህቱ ጋር ባቲ መጠለያ ነበር። እሱ ተርፏል፤ እሷ እዚያው ቀርታለች። ስለዚያ ጊዜ አንሥቶ አያውቅም።

ልበ ደንዳና አይደለሁም እትዬ። ድርጅቱ በየወሩ ከደመወዜ ላይ ለስደተኛ ሕፃናት ይቆርጥልኛል። የዓለም ዜጋ ነኝ ማለቴ ውሸት ነው? ከቅሬውስ ልውጣ? ድርጅቱ በሚመጣው ዓመት ወደ ፖርቱጋል ሊወስደኝ ያስባል። «የዓለም ፓስፖርት» የሚባል ነገር አለም ይሉኛል፤ እውነት ነው?

ከደሴ

መልስ

አብሽሪ ልጄ። የጠየቅሽኝ ስለ ዜግነት ነው፤ እኔ ግን ፈቃድሽ ይሁንና ከለቅሶው ልጀምር። የዘመዳችሁን ነቀፋ፣ የቅጣቱን ብር፣ የድርጅቱን ሐሳብ ጠቀስ ጠቀስ እያደረግሽ አልፈሻቸዋል። መስኮቱ ጋ ስትደርሺ ግን ቆም ብለሻል፤ ለምን እንደዘጋሽው፣ የማን ሞት እንደሆነ እንዳላወቅሽ፣ ማንም ሳይጠይቅሽ ታስረጂያለሽ። እማማን የሚያህል ሰው ሞቶብሽ ከማንም ጋር ቁጭ ብለሽ አላለቀስሽም። ሰፈሩ ሐዘኑን አብሮ ተወጥቶታል፤ ያንቺው ገና ውስጥሽ ነው። እንግዶቹ ፊት ያ ቃል ያመለጠሽ ከቁጣ ብቻ አይመስለኝም።

ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ከመወሰንሽ በፊት በዚሁ ሳምንት እማማ ቤት ሂጂ። «ሁለት ወር አልፎ አሁን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» አትበዪ። እኛ አገር ዓረብ አገር የቆየች ልጅ በዓመት በሁለት ዓመቷ ስትመለስ ሻንጣዋን ሳታወርድ ለቅሶ ትደርሳለች፤ ቤተ ዘመዱም እንደ አዲስ ተነሥቶ አብሯት ያለቅሳል እንጂ «የት ነበርሽ?» ብሎ በር አይዘጋባትም። ቡናና ስኳር ያዢ። የቤቱን ሰው ያገኘሽበት ቦታ ተቀመጪ። ስለ ስብሰባው ማውራት አያስፈልግሽም፤ እማማ ምን ያበሉሽ እንደነበር፣ እናትሽ እስክትመጣ የት ያስተኙሽ እንደነበር ንገሪያቸው። ሟችን የሚያስታውስ ሰው ሲመጣ ለቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው፤ ከአርባው በኋላ እግር ሲቀንስ ደግሞ የበለጠ።

አሁን ወደ ቃልሽ እንምጣ። «የዓለም ዜጋ ነኝ» ማለትሽ ውሸት አይደለም። መጀመሪያ ያልሽው ግን ደላላው ካቆሰለሽ በኋላ ነው፤ መጠጊያ እንዲሆንሽ ነው የያዝሽው። «ምንሽ ነሽ?» ተብሎ ለማደሪያ ቤት መጠየቅ ነውር ነው፤ ያን ቀን ዝም በማለትሽም እኔ አልወቅስሽም። ከቦርከና ወዲህም ወዲያም ያለ ስንቱ ወሎዬ ነው እንዳንቺ አያቶቹን ቆጥሮ የማይጨርስ! ባቲ ሰኞ ገበያ ውለሽ ከሆነ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው በአንድ ሜዳ ሲገበያይ፣ አንዱ ባንዱ ቋንቋ ዋጋ ሲከራከር ሰምተሻል። የአያቶችሽ ጋብቻ የተገኘው ከእንደዚህ ያለ ኑሮ ነው። ደላላው የጠየቀሽ አንድ መልስ ብቻ የሚይዝ ጥያቄ ነው፤ አንቺ ሦስት መልስ ነበረሽ። እስቲ ልጠይቅሽ፦ «የዓለም ዜጋ ነኝ» ስትይ ሁሉንም ይዘሽ ነው የምትዪው፣ ወይስ ማንም እንዳይነካብሽ ሁሉንም አስቀምጠሽ? ለእኔ መመለስ የለብሽም። ለራስሽ ብቻ አስቢበት።

ይህን የምጠይቅሽ ወድጄ አይደለም፤ ቃሉ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ዓይነት አነጋገር ስላለበት ነው። መጀመሪያ ተናገረው የሚባለው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የኖረው ግሪካዊው ፈላስፋ ዲዮጋንስ ነው። በጥቁር ባሕር ዳር ካለችው ከሲኖፕ ከተማ ተባርሮ በሰው አገር የሚኖር ስደተኛ ነበር። «ከየት ነህ?» ሲሉት «የዓለም ዜጋ ነኝ» አለ ይባላል። ቤት አልነበረውም፤ በትልቅ የሸክላ ገንቦ ውስጥ ያድር ነበር፤ ወግና ማዕረግ የሚባል ነገር ሁሉ ይንቅ ነበር። ያባረረውን አገር «ያላንተም እኖራለሁ» ያለበት ቃል ነው፤ ለተገፋ ሰው ትልቅ ኃይል ይሰጣል። አንቺም ከደላላው ደጃፍ ስትመለሺ የያዝሽው ይህንኑ ይመስለኛል። ነገር ግን ዲዮጋንስ ማን እንደማያዝዘው ነገረን እንጂ እሱ ለማን ምን እንዳለበት አልነገረንም።

ይህንን ያሰቡበት ከእሱ በኋላ የመጡት ኢስጦኢኮች የሚባሉት ፈላስፎች ናቸው። ከእነሱ አንዱ፣ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ2ኛው መቶ ዓመት የኖረው ሂሮክለስ፣ ሰው ሁሉ በብዙ ክቦች መካከል እንዳለ አድርጎ ጻፈ፦ መካከል ላይ ራሱ፣ ቀጥሎ ወላጆቹና ልጆቹ፣ ቀጥሎ ዘመዶቹ፣ ከዚያ የሰፈሩና የከተማው ሰዎች፣ በመጨረሻ የሰው ልጅ በሙሉ። እኔ የምወድለት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ክቦቹን አፍርሱ አላለም፤ የውጪውን ክብ ወደ ውስጥ ሳቡት አለ። እንዴት ተብሎ ለሚጠይቀውም በጣም ቀላል ነገር መከረ፤ የአጎትና የአክስት ልጆቻችሁን ወንድም እኅት በሏቸው፣ አጎትና አክስቶቻችሁን አባት እናት ብላችሁ ጥሯቸው አለ። ይህን ሳነብ የደሴን ሰፈሮች ነው ያሰብኩት። አንቺ ያልወለዱሽን ሴት እማማ እያልሽ ነው ያደግሽው፤ እሳቸውም አጉርሰው አሳደጉሽ። ሸዋ ሮቢት ያሳደሯችሁ ሰዎች ዘራችሁን ጠይቀው ነበር? መሸብን ያለውን ሰው «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ» ነው ያሉት። ሂሮክለስ በጽሑፍ የመከረውን እነዚህ ሰዎች ሠርተውታል።

ስለዚህ የማኒላዋ ጓደኛሽ ስትታመም ተራዋን መሸፈንሽ፣ ለማታውቂያቸው ሕፃናት ከደመወዝሽ ማስቆረጥሽ እውነተኛ ነገር ነው። ማንም «ለታይታ ነው» ቢልሽ አትስሚው። በዚህ ጉዳይ ወሎ ከማንም በላይ ያውቃል። በ1977 ጥቅምት፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም የቢቢሲ ዘገባ ሲወጣ፣ እዚህ መንግሥት የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በድግስ አክብሮ ገና ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። ስማችንን አንድ ቀን ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ገንዘብ አዋጡ። በሐምሌ ለንደንና ፊላዴልፊያ ላይ ለዚሁ ጉዳይ ትልልቅ የሙዚቃ ዝግጅቶች ተደረጉ። አባትሽ ባቲ መጠለያ የበላው ስንዴ ከእንደዚህ ያለ እጅ የመጣ ሊሆን ይችላል። አንቺ ዛሬ ለስደተኛ ሕፃን የምትልኪውን ያኔ ለአባትሽ የላከለት አለ ማለት ነው። ይህን ለአባትሽ ነግረሽው ታውቂያለሽ?

ያው ዘመን ያስተማረን ሌላም ነገር አለ፤ አስከፊውን ጭምር ካልነገርኩሽ አላግዝሽም። ያዘነልን ዓለም ፊታችንን እንጂ ስማችንን አልያዘም። ወሎ ለብዙ ዓመት በሰው አገር ስሟ ሲጠራ ረኀብ ብቻ ሆነ፤ መንዙማዋ፣ አምባሰልና ባቲ የሚባሉት ቅኝቶቿ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳሟ፣ ሙስሊምና ክርስቲያኑ አብሮ የሚቀብርበት ቅሬዋ ከዚያ ምስል ውስጥ አልነበሩም። ከሩቅ ማዘን እንጀራ ያደርሳል፤ አጠገብ ተቀምጦ ስም መያዝን ግን አይተካም። ለዚህ ነው በየወሩ የሚቆረጠው ገንዘብሽ እማማ ቤት አለመሄድሽን የማያካክስልሽ። አንዱን በሌላው መለወጥ ሳይሆን ሁለቱንም መያዝ ነው ያንቺ ፈንታ፤ አቅሙም አለሽ።

የአባትሽን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብኩት። «የዓለም ዜጋ ሲሞት ማን ይቀብረዋል?» ያለው አንቺን አፍ ለማስያዝ መስሎሽ ይሆናል። እኔ ግን ሌላ ነገር ጠረጠርኩ፤ ልሳሳት እችላለሁ፣ አባትሽን አላውቀውም። እህቱ ባቲ መጠለያ ነው የቀረችው ብለሽኛል። በዚያ ወቅት በየመጠለያው በየቀኑ ብዙ ሰው ይሞት ነበር። ጥሩምባ የሚነፋ ቅሬ፣ ውኃ የሚያሞቅ ጎረቤት፣ ድንኳን የሚተክል ሰው ከየት ይመጣል? ልጅ ሆኖ ያን ያየ ሰው አድጎ የቅሬ ዳኛ መሆኑ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አልመስል አለኝ። እንደኔ እንደኔ ሰው ያለ ቀባሪ እንዳይቀር ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። አንቺ «በጥሩምባ አልጠራም» ስትይ እሱ ምን ሰምቶ ይሆን? ቅጣቱን በቴሌብር ስትልኪለትስ? አንቺ ዕዳዬን ከፈልኩ ብለሻል፤ እሱ «ከእማማ ጋር ያለኝ ነገር ይህን ያህል ብር ነው» ያልሽው መስሎት ሊሆን ይችላል።

እሱም በበኩሉ ያልሰማው ነገር አለ። ደላላው ያለሽን ለአባትሽ ነግረሽዋል? ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት አልነገርሽውም። አንቺ «የዓለም ዜጋ ነኝ» ስትዪ ያፈርሽበት መስሎት ይሆናል፤ እሱንና እናትሽን ላለመነጣጠል ብለሽ ቤት እንዳጣሽ ቢያውቅ ኖሮ ያን ቀን ስኒውን አስቀምጦ የሚወጣ አይመስለኝም። ሁለታችሁም ትልቁን ነገር ዝም ብላችሁ ይዛችሁ በትንሹ ተኳረፋችሁ።

እንግዲህ ለቅሶውን ደርሰሽ ስትመለሺ፣ እንግዳ በሌለበት ምሽት፣ ራስሽ ቡና አፍዪ። እናትሽም ብትኖር ጥሩ ነው። ይቅርታ መጠየቁ ካልከበደሽ በአጭሩ ጠይቂው፦ «አባዬ፣ ያን ቀን ሰው ፊት የተናገርኩት አስከፍቶሃል፤ ይቅር በለኝ።» በዚህ ላይ «ግን» የምትል ቃል አትጨምሪ። ቀጥለሽ የደላላውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ንገሪው። የመጨረሻውን ጉዳይ ጥያቄ አድርገሽ አቅርቢው፦ «አክስቴን ማን ቀበራት?» ከባድ ጥያቄ ነው፤ መልስ ባይሰጥሽ አትጫኚው፤ አርባ ዓመት ያለፈው ዝምታ በአንድ ቡና አይፈታም። የመለሰልሽ እንደሆነ ግን ምናልባት የማታውቂው ሰው፣ የማን ወገን እንደሆነ የማይታወቅ፣ አፈር ያለበሳት ሆኖ ታገኚዋለሽ። የዓለም ዜጋ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በተሻለ ያን ጊዜ ከአባትሽ አፍ ትሰሚያለሽ።

ስለ ቅሬው ደግሞ በግልጽ እናውራ። አለመፈለግሽ ይገባኛል። ቅሬ ደግ ነገር ነው ስልሽ ሸክሙ እኩል ነው እያልኩሽ አይደለም፤ ወንዱ መቃብር ቆፍሮ ቀብሮ ሲመለስ ሴቷ ውኃ ስትቀዳ፣ ድስት ስትጥድ፣ ዕቃ ስታጥብ እኩለ ሌሊት ይሆናል። ማን መጣ ማን ቀረ የሚለው ሐሜትም አለ። እንደ አንቺ የሥራ ሰዓቷ ከሰው አገር ጋር የታሰረ ሴት ስትደነግጥ አልፈርድባትም። መውጣትም መብትሽ ነው። ከወጣሽ ግን ለአባትሽም ለሰፈሩም ሰው ምክንያትሽን ፊት ለፊት ተናግረሽ ውጪ፤ «የዓለም ዜጋ ስለሆንኩ» የሚለው ምክንያት አይሆንልሽም፤ ሰውነት ሁሉ አንድ ነው ብሎ ያመነ ሰው ከሰፈሩ ሙታን የሚያመልጥበት መንገድ የለውም።

እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ከመውጣትሽ በፊት አንድ ነገር ሞክሪ። የቅሬውን መተዳደሪያ ደንብ አባትሽን ጠይቀሽ አንብቢው። ብዙ ቅሬ በተቀጣሪነት ከአገር ርቆ ለሚሠራ ሰው፣ ለታመመ፣ ለአራስ የሚሆን አንቀጽ አለው፤ ከሌለውም በስብሰባ ይጨመራል። አንቺ የምትችዪውን ሥራ አቅርቢ። የአባላቱ መዝገብ እስከ ዛሬ በደብተር ከሆነ ኮምፒውተር ላይ ልታሰፍሪላቸው ትችያለሽ፤ መዋጮውን፣ የድንኳኑንና የወንበሩን ቆጠራ ልትይዢ ትችያለሽ። ይህን ስታደርጊ ግን ቀብሩንና ለቅሶውን በዚህ ልለውጥ አትበዪ። ቅርብ ሰው ሲሞት መገኘት ሌላ ነው። የሴቶቹን ሸክም ጉዳይም ራስሽ በስብሰባ ላይ አንሺው፤ ከውጭ ሆነሽ ከምትነቅፊው ከውስጥ ሆነሽ ብትናገሪ ይሰሙሻል፤ አብረውሽ የሚነሡ ሴቶችም አታጪም።

ፓስፖርቱን በአጭሩ ልመልስልሽ። አለ። ጋሪ ዴቪስ የሚባል አሜሪካዊ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ያበረረ፣ ወንድሙን በዚያው ጦርነት ያጣ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ፓሪስ ላይ አሜሪካዊ ዜግነቱን ተወና ራሱን የዓለም ዜጋ ነኝ አለ። በ1954 ያቋቋመው ድርጅት «የዓለም ፓስፖርት» ያትማል። የሰውየው ሐሳብ ያስከብረዋል፤ ወረቀቱን ግን አብዛኞቹ መንግሥታት አይቀበሉትም፤ ገንዘብሽን አታውጪበት። በዚያው በ1948 የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቀው፣ ኢትዮጵያም ድጋፏን የሰጠችበት የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በ15ኛው አንቀጹ ያለው ማንኛውም ሰው ዜግነት የማግኘት መብት አለው ነው። ዓለም ራሷ ለሰው ልጅ መብት ብላ የጻፈችው እያንዳንዱ ሰው «ያንተ ነኝ» የሚለው አገር እንዲኖረው ነው። ፓስፖርታቸውን አሠሪ የያዘባቸውን በየዓረብ አገሩ ያሉ ልጆቻችንን ጠይቂያቸው፤ አገር አልባ መሆን ነፃነት እንዳልሆነ ይነግሩሻል።

ወደ ፖርቱጋል ሄደሽ መሥራት ኢትዮጵያዊነትሽን አያስቀርብሽም። የሚያስቀርብሽ የሌላ አገር ዜግነት በፈቃድሽ የወሰድሽ ዕለት ነው፤ የዜግነት አዋጃችን ቁጥር 378/1996 ሁለት ዜግነት አይፈቅድም። ያን ካደረግሽ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የምንለውን፣ ማውጣት ትችያለሽ፤ ያለ ቪዛ ትገቢያለሽ፣ ትሠሪያለሽ፤ ድምፅ መስጠትና መመረጥ ግን የለውም። ተመልሰሽ እዚሁ መኖር ከጀመርሽና የውጩን ዜግነት ከተውሽ ደግሞ ዜግነትሽን መልሰሽ ለማግኘት የማመልከት መንገድ አለ። ይህ ሁሉ ዛሬ የሚወሰን አይደለም። ከአባትሽ ጋር ተኳርፈሽ ባለሽበት ወራት ግን የመሄድን ነገር ባትቆርጪ ደስ ይለኛል፤ ከመሸሽና ከመሄድ የቱን እንደምታደርጊ ራስሽም ልታውቂ ይገባል።

ለአሁኑ አንድ ሥራ ከድርጅትሽ ጋር አለሽ። አለቃሽን አናግሪ፤ እዚህ ሰው ሲሞት በዚያው ቀን እንደሚቀበር፣ ቀጠሮ እንደማይሰጥ ንገሪያት። ጥሩምባ ሲነፋ ተራሽን የሚሸፍንልሽ ሰው ከቡድኑ ውስጥ አስቀድመሽ ያዢ፤ የማኒላዋን ሸፍነሽላት የለ? ድርጅቱ የለቅሶ ፈቃድ የሚሰጠው ለሥጋ ዘመድ ብቻ ነው ካለሽ፣ እማማ ማን እንደነበሩ ለጓደኞችሽ በዝርዝር ንገሪያቸው። እልልታ ከተማሩ ይህንንም ይማራሉ።